በቆላ ቤት የዳክዬ ዕንቁላል ስለ ማስፈልፈል
(በማኅበሩ አባላት ፊት የቀረበ የንግግር ጽሑፍ)



በኢትዮጵያ የእንስሳት ባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ስለ ዳክዬ መናገር ለጊዜው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። በሀገሪቱ የቤት ወፍ ሲባል ዶሮ ማለት ነው። ዳክዬ በጥቂት ከተሞች፣ በሆቴሎችና በመዝናኛ ስፍራዎች ኩሬ ላይ ለዓይን ማረፊያ ያህል ከመታየቱ በቀር ወደ ገበሬው ግቢ ብዙም አልዘለቀም። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። በብዙ ክርስቲያን ቤት የእግሩ ጣቶች በቆዳ የተያያዙ ወፍ ከሚበላው ወገን አይቆጠርም፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ግን በሥርዓቱ እስከ ታረደ ድረስ ዳክዬን አይከለከልም። የይፋት ቆላ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ምድር ስለ ሆነ፣ በዚያ ዳክዬ ላርባ የሚል ሰው ስለ መፈልፈያው ከማሰቡ በፊት ስለ ገዢው ቢያስብ ይበጀዋል። ይህን ካሰበና ከቆረጠ በኋላ ግን የሚገጥመው ችግር የሃይማኖትም የገበያም አይደለም፤ የሙቀትና የእርጥበት ጉዳይ ነው። የዚህ ንግግር ርእስም ይኸው ነው። የሚባለውም ነገር ሁሉ ጥቂት ቁጥሮች ተለውጠው ለዶሮ ዕንቁላል የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ዳክዬን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ባልደረባም ጆሮውን ቢያውስ አይከስርም።

ስፍራው ካራቆሬ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በዚህ ስም የሚጠራው ሰፈር ሳይሆን፣ ከአጣዬ ወደ ከሚሴ በሚወስደው የደሴ መንገድ ላይ ያለው የይፋቱ ካራቆሬ ነው። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በደረሰው ብርቱ የምድር መናወጥ ጎረቤቱ ማጀቴ ሲፈርስ የካራቆሬም ቤቶች ክፉኛ ስለ ተጎዱ፣ የከተማዪቱ ስም በመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚዎች መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት ቤቱና ንብረቱ የወደመበት ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ኑሮውን ከታች ጀምሮ ለሚያቀና ቤተሰብ 30 ዕንቁላል እንደ ቀላል የሚታይ ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያ «ሞክሩት» ብሎ ሲመክር፣ ሙከራው ሳይሳካ ቢቀር ኪሳራው የማን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት የካራቆሬ እመቤት አነስተኛ የመፈልፈያ መሣሪያ አገኘች እንበል፤ በየሱቁ የሚሸጠው፣ ፕላስቲክ የሆነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት። 30 የዳክዬ ዕንቁላል ከሩቅ አስመጥታ ከመሣሪያው ጋር በመጣው መምሪያ መሠረት አስቀመጠች። በ28ኛው ቀን 4 ጫጩት ወጣ፤ ከእነርሱም አንዱ እግሩ አልቆመም። የቀሩት 26 ዕንቁላሎች ዝም አሉ። ጎረቤት ይመጣል፤ አንዱ መብራቱ ስለሚጠፋ ነው ይላል፤ ሌላው የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሦስተኛው መሣሪያው የውሸት ነው ይላል። የግብርና ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላሎቹ ተጥለው ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ የመጨረሻው ነው። ያልፈለፈለ ዕንቁላል የሆነውን ሁሉ በውስጡ ይዞ ይገኛል። ሲሰበር ፅንሱ በስንተኛው ቀን እንደ ሞተ ያሳያል፤ የሞተበት ቀን ከታወቀም ምክንያቱ ከግማሽ በላይ ታወቀ ማለት ነው። እንግዲህ በእመቤቲቱ ቤት የሚደረገው የመጀመሪያ ሥራ 26ቱን ዕንቁላሎች ወደ ውጭ አውጥቶ፣ ከነፋሱ በላይ ቆሞ (ሽታው የዋዛ አይደለምና) አንድ በአንድ በሰፊው ጫፋቸው በኩል እየሰበሩ በሦስት ክምር መለየት ነው። በአንደኛው ክምር ምንም ያልታየባቸውና ገና በመጀመሪያው ሳምንት የሞቱት ይደረጋሉ፤ በሁለተኛው በመካከል የሞቱት፤ በሦስተኛው ደግሞ ላባቸው በቅሎ፣ ምንቃራቸው ጠንክሮ፣ በሩ ላይ ደርሰው የቀሩት።

የመጀመሪያው ክምር ብዙ ሆኖ ከተገኘ፣ ጥፋቱ የደረሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕንቁላሉ ወደ መሣሪያው ሳይገባ ነው። አስኳሉ ንጹሕ ሆኖ የደም ምልክት ካልታየበት ዕንቁላሉ ወንድ ያላገኘው ነው፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ሴቶች አንድ ብርቱ ወንድ ያስፈልጋል፤ ወንዱ ያረጀ ወይም ገና ያልደረሰ ከሆነ ሴቶቹ ይጥላሉ እንጂ ዕንቁላላቸው ዘር አይኖረውም። በአስኳሉ ላይ ቀጭን የደም ቀለበት ከታየ ግን ፅንሱ ጀምሮ ሞቷል። በቆላ አገር የዚህ ዋና ምክንያት የማከማቻው ሙቀት ነው፤ መምሪያዎቹም ይህን ቦታ አቅልለው ያልፉታል።

ፅንስ ከ20 ወይም ከ21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ሙቀት ያንቀላፋል፤ ለማከማቻ የሚመረጠው ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ያለው ነው። በደብረ ብርሃን ጓዳ ውስጥ ያለ ዕንቁላል ማንም ሳይደክምለት በዚህ ሙቀት ይቆያል። ከዚያ በጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ከፍታው ከ2,800 ሜትር አካባቢ ወደ 1,280 ሜትር ግድም ይወርዳል። በቆላው በሞቃት ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት በቀን 28ና 30 ዲግሪ ሲደርስ ዕንቁላሉ አይተኛም፤ ግን በደንብ ለማደግ የሚበቃው ሙቀትም አላገኘም። በቀን ትንሽ ይጀምራል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያቆማል፣ በነጋታው እንደ ገና ይጀምራል። እንዲህ ሲጎተት ሳምንት የቆየ ፅንስ መሣሪያው ውስጥ ሲገባ ዐቅሙን ጨርሶ ስለሚገባ በሁለትና በሦስት ቀን ይሞታል። እመቤቲቱም 30 ዕንቁላል እስኪሞላ ድረስ 10 ወይም 12 ቀን ጠብቃ ከሆነ፣ ጥፋቱ የእርሷ ትዕግሥት ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከቤት አይርቅም። አንድ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ይወሰድና በውስጡ አነስ ያለ ሸክላ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በየቀኑ ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይከደናል። በበጋው ደረቅ አየር ውኃው በሸክላው ቀዳዳ እየተነነ ሲወጣ ውስጡን ከውጭው በብዙ ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። ዕንቁላሎቹ ውኃው እንዳይነካቸው በደረቅ ጭድ ላይ፣ ሾጣጣ ጫፋቸው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣሉ። በዚህም ቢሆን ከ7 ቀን በላይ ማቆየት አይመከርም። ከሩቅ በመኪና የመጣ ዕንቁላልም በመንገዱ መንገጫገጭ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍል ስለሚናወጥ፣ ሳይነካ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያህል ዐርፎ ይግባ።

ስለ ንጽሕና ጥቂት ማለት ያሻል፤ ዳክዬ ከዶሮ የሚለይበት አንዱ ነገር ይህ ነውና። ዶሮ ጎጆዋን ትመርጣለች፤ ዳክዬ ግን ጭቃውም ውኃውም ዳር ባለበት ጥላ ትሄዳለች። የምትጥለው ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ወይም ማለዳ ስለ ሆነ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ድረስ ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ቤት ዘግቶ ማቆየት ግማሹን ችግር ያስወግዳል። የቆሸሸ ዕንቁላል ቢቻል አይታቀፍ። የግድ ከሆነ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ በውስጡ ያለው ሲኮማተር በቅርፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃው ከዕንቁላሉ የሞቀ፣ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሆኖ በፍጥነት ታጥቦ ይድረቅ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ መሣሪያው ውስጥ እየፈነዳ ጎረቤቶቹን የሚበክለው ዕንቁላል መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ቅርፊቱ ላብ የመሰለ ነገር ያወጣና ሽታው የተለወጠ ዕንቁላል እንደ ቦምብ በጥንቃቄ ተይዞ መውጣት አለበት።

ወደ ሁለተኛው ክምር ሲኬድ፣ በመካከለኛው ጊዜ የሚሞት ፅንስ በመልካም አያያዝ ጥቂት ነው። ብዛቱ ከጨመረ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ የእናቶቹ መኖ ነው፤ ማሽላ ብቻ እየለቀመች የከረመች ዳክዬ በዕንቁላሏ ውስጥ ለፅንሱ የሚበቃ ቪታሚን አታኖርም፤ አረንጓዴ ቅጠልና ከፕሮቲን ወገን የሆነ መኖ፣ ለምሳሌ የኑግ ፋጉሎ፣ ሊጨመርላት ይገባል። ሁለተኛው አለማገላበጥ ነው። ዕንቁላል በቀን ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት ጊዜ መገላበጥ አለበት፤ ቁጥሩ ጎዶሎ እንዲሆን የሚፈለገው ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያሳልፍ ነው። በአንደኛው ጎን መስቀል በሌላው ጎን ክብ በእርሳስ ማድረግ ለማስታወስ ይረዳል። ሦስተኛው የመብራት መጥፋት ነው።

ስለ መብራት የሚባለው ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስላል። ፅንስ ከሙቀት ይልቅ ብርድን ይታገሣል። ሁለትና ሦስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ መሣሪያው ሳይከፈት በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ጊዜው ከረዘመም ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ አጠገቡ ቢቀመጥለት፣ ፅንሱ ዘግይቶ ይወጣ ይሆናል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይሞትም። የአየር ማስገቢያው ቀዳዳ ግን በጨርቁ ፈጽሞ አይደፈን። እናቲቱ ዳክዬም ቢሆን በየቀኑ ለመብልና ለመታጠብ ጎጆዋን ትታ ትሄዳለች። ሰው መብራት በጠፋ ጊዜ ደንግጦ መሣሪያውን በየሩብ ሰዓቱ እየከፈተ በማየት የሚያደርሰው ጉዳት ከጨለማው ይበልጣል።

በካራቆሬ መፈራት ያለበት ሌላው ነው። እነዚህ ትናንሽ መሣሪያዎች የተሠሩት የክፍሉ ሙቀት 20 ወይም 25 ዲግሪ ነው ተብሎ ነው። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲበዛ ማሞቂያውን ያጠፋል፤ የማቀዝቀዝ ሥልጣን ግን የለውም። በግንቦትና በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ ክፍል ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት የሚታወቅ ነው። በዚያ ላይ ከግማሽ ጊዜው ያለፈ ፅንስ የራሱን ሙቀት ያመነጫል፤ 30 ዕንቁላል በአንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ እርስ በርሱ ይሟሟቃል። ማሞቂያው ጠፍቶ እንኳ የዕንቁላሉ ሙቀት ከ39 ዲግሪ ያልፋል፤ ወደ 40 ተጠግቶ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ ይገድላል ወይም ያጣምማል። እግሩ ያልቆመው አንዱ ጫጩት፣ ከ27ኛው ቀን በፊት ተጣድፎ የወጣውም ካለ፣ እምብርቱ በደንብ ያልተዘጋውም፣ የሚመሰክሩት በዚህ ላይ ነው። እንግዲህ መሣሪያው የሚቀመጠው በቆርቆሮው አዲስ ቤት ሳይሆን፣ ካለ፣ ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ጣሪያው ሣር በሆነው አሮጌ ቤት ይሁን። ብዙ ሰው የሚያፍርበት ያ ቤት ለፅንስ የተመረጠ ክፍል ነው። ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን የተሻለ ነው።

የሙቀቱ ልክ አየሩ በማራገቢያ በሚዘዋወርበት መሣሪያ 37.5 ዲግሪ ነው። ማራገቢያ በሌለው ግን አየሩ ከታች ቀዝቀዝ ከላይ ሞቅ ስለሚል፣ በዕንቁላሎቹ አናት ላይ ሲለካ ወደ 38.5 የሚጠጋ ይሁን። ብዙ ሰው የአንዱን ቁጥር ለሌላው ይወስዳል። ከዚህም በላይ መሣሪያው ፊት ላይ የሚያበራው ቁጥር መታመን የለበትም። በጤና ጣቢያ የሰውን ትኩሳት የሚለካው ቴርሞሜትር ከ37 እስከ 38 ባለው ሙቀት ትክክለኛ ነውና፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ወይም በመሣሪያው ውስጥ አኑሮ ማነጻጸር ይበቃል። የአንድ ዲግሪ ስሕተት 28 ቀን ሙሉ ሲሠራ የሚያደርሰው ጥፋት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ክምር የእመቤቲቱን ልብ የሚሰብረው ነው፤ የተፈጸመ ጫጩት በር ላይ ሞቶ ማየት ነውና። እዚህ ላይ ጥያቄው የውኃ ነው። ዕንቁላል በመታቀፉ ጊዜ ክብደቱን መቀነስ አለበት፤ ውኃው በቅርፊቱ እየተነነ በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል፤ ጫጩቱም የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ነው። ውኃው ጥቂት ብቻ ከወጣ የአየር ክፍሉ ጠባብ ይሆንና ጫጩቱ በፈሳሽ ውስጥ ይታፈናል፤ ሲሰበር ያበጠና የረጠበ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ከወጣ ደግሞ ሽፋኑ እንደ ደረቅ ወረቀት በጫጩቱ ላይ ይጣበቅና መዞር ይከለክለዋል። ሁለቱ አሟሟቶች ከውጭ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ዕንቁላሉን ሳይሰብር «ውኃ ጨምሪ» ብሎ የሚመክር ባለሙያ ግማሹን ጊዜ እያጠፋ ነው።

የቆላው ወራትም እንዲሁ ተቃራኒ ናቸው። በበጋው አየር ደረቅ ስለ ሆነ ዕንቁላል ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን አየሩ ራሱ ውኃ ተሸክሞ ስለሚመጣ በመሣሪያው ውስጥ ውኃ ሳይጨመርም እርጥበቱ ሊበዛ ይችላል። ለዳክዬ የሚፈለገው አንጻራዊ እርጥበት እስከ 25ኛው ቀን ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 70 በመቶና ከዚያም በላይ ነው። እርጥበት የሚጨምረው የውኃው ጥልቀት ሳይሆን የፊቱ ስፋት ነው፤ ጠባብ ኩባያ እስከ አፉ ቢሞላ ሰፊ ሳሕን ውስጥ በስሱ የፈሰሰውን ያህል አይሠራም፤ በሳሕኑ ላይ ጫፉ የተነከረ ጨርቅ ቢሰቀል ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የእርጥበት መለኪያውን ለመፈተሽ የገበታ ጨው በጥቂት ውኃ እንደ ገንፎ ተለውሶ ከመለኪያው ጋር በአንድ በተከደነ ማሰሮ ውስጥ ሌሊቱን ይደር። ሲነጋ 75 በመቶ ማሳየት አለበት፤ 68 ካሳየ መለኪያው 7 ያጎድላል ማለት ነው። ከአፋር ሜዳ እየወጣ ለዘመናት በግመል ሲጓዝ የኖረው ጨው ለዚህም አገልግሎት መዋሉ ደስ ያሰኛል።

ይሁን እንጂ ከእርጥበት መለኪያ ሁሉ የሚበልጠው ሚዛን ነው። የዳክዬ ዕንቁላል እስከ 25ኛው ቀን ከመጀመሪያ ክብደቱ 13 በመቶ ያህል ማጣት ይገባዋል። እያንዳንዱ 80 ግራም የሚመዝን 30 ዕንቁላል በመጀመሪያው ቀን 2,400 ግራም ነው። 13 በመቶው 312 ግራም፣ በቀን ሲካፈል 12.5 ግራም ይሆናል። ስለዚህ በ7ኛው ቀን ወደ 2,312፣ በ14ኛው ቀን 2,225፣ በ25ኛው ቀን ወደ 2,088 ግራም መድረስ አለበት። ከዚህ በላይ ከከበደ ውኃው ይቀነስ፤ ከዚህ ከቀለለ ይጨመር። ዕንቁላል ሲወጣ ሒሳቡ በቀሩት ልክ ይስተካከል። ይህን ለመሥራት የሱቅ ሚዛንና አንድ ደብተር ይበቃል፤ ማንበብና መጻፍ የጀመረ ልጅ ሊይዘው ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ምክር ብቻ ይሰጥ ቢባል ሊሰጥ የሚገባው ይህ ነው።

በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ25ኛው ቀን ሌሊት በጨለማ ክፍል የእጅ ባትሪ በሰፊው ጫፍ ላይ ተደግፎ ውስጡ ይታይ። በ7ኛው ቀን የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ሥር ካልታየ ዕንቁላሉ ይውጣ። የዳክዬ ቅርፊት ነጣ ያለ ስለ ሆነ ለዚህ ከአበሻ ዶሮ ዕንቁላል ይልቅ ይመቻል።

ከ8ኛው ቀን ግድም ጀምሮ በየቀኑ መሣሪያውን 10 ወይም 15 ደቂቃ ከፍቶ ዕንቁላሎቹን ማቀዝቀዝና ለብ ያለ ውኃ በስሱ መርጨት በብዙ ዳክዬ አርቢዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከኩሬ የተመለሰች እናት በረጠበ ላባዋ የምታደርገውን መምሰሉ ነው። በቆላው ሙቀት ለተጨናነቀ ፅንስ ይህ ዕረፍትም ጭምር ነው።

የቀን አቈጣጠር ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ጥር 1 ቀን ማታ የገባ የተለመደው ዳክዬ ዕንቁላል 28 ቀን የሚሞላው ጥር 29 ቀን ማታ ነው፤ ማገላበጥ የሚቆመውና እርጥበቱ ከፍ የሚለው ጥር 26 ቀን ይሆናል። ፊቱ ቀይ ሥጋ ያለበት፣ ድምፁ የታፈነው፣ መስኮቪ የሚባለው ዓይነት ግን 35 ቀን ይፈልጋል። የመስኮቪን ዕንቁላል በ30ኛው ቀን «አልፈለፈለም» ብሎ የጣለ ሰው ሕያው ጫጩት ነው የጣለው።

የዶሮ ጫጩት ቅርፊቱን ከቀደደ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይወጣል። የዳክዬ ጫጩት ግን የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ካደረገ በኋላ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም እስከ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ዝምታ ድካም አይደለም። በሽፋኑ ላይ ያሉት የደም ሥሮች ደማቸውን እየመለሱ ነው፤ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዱ እየገባ ነው። ርኅሩኅ እጅ በዚህ ሰዓት ቅርፊቱን ልላጥልህ ብሎ ሲነካ ደሙ ይፈሳል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ የተጠራቀመው እርጥበት በአንድ ትንፋሽ ይወጣና የሌሎቹ ሽፋን ይደርቅባቸዋል። ሁለተኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሽፋኑ ቡናማ ሆኖ መድረቁ ከታየ፣ ያኔ ብቻ በረጠበ ጣት በጥቂቱ ቢታገዝ ይፈቀዳል።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ አንድ የማይመች ጥያቄ ይቀራል። እመቤቲቱ መሣሪያ ሳይኖራት ምን ታደርግ ነበር? መልሱ በጓዳዋ ነው። የአበሻ ዶሮ በዓለም ካሉ ታቃፊዎች ከመልካሞቹ ወገን ናት፤ በኢትዮጵያ የገጠር ዶሮ ርባታ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንደሚያሳዩት ከምትታቀፈው ዕንቁላል አብዛኛውን ትፈለፍላለች፤ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከፈለፈለች በኋላ በጫጩቶቹ ላይ ነው። ከ10 እስከ 13 የራሷን ዕንቁላል የምትችል ዶሮ ከዳክዬ 5 ወይም 6 ብትችል ነው፤ ዕንቁላሉ ትልቅ ስለ ሆነ በሆዷ ሥር ካልተሸፈነ የዳር ዳሩ ይበርዳል። 21 ቀን ለለመደች ዶሮ 28 ቀን ረጅም ነውና ምግቧና ውኃዋ ከአጠገቧ አይራቅ። ከኩሬ ስለማትመለስ በመጨረሻው ሳምንት በየቀኑ ለብ ያለ ውኃ በዕንቁላሎቹ ላይ ይርጨፍጨፍላት። ክብደቱንም ዕንቁላሉንም በጥንቃቄ ታገላብጥ እንደ ሆነ አንዳንዴ መታየት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን መብራት አያስፈልጋትም፣ በቀትር ሙቀት ጊዜም ማቀዝቀዝን ታውቅበታለች፤ ሲሞቃት ከዕንቁላሉ ብድግ ትላለች።

ይህን ያህል የምታውቅን ዶሮ ጭንቅላቷን ወደ ታች አንጠልጥሎ ወይም በአፍንጫዋ ላባ ሰክቶ መታቀፏን ማስተው በየገጠሩ ይታያል። የሚደረገው ቶሎ ወደ መጣል እንድትመለስ ነው፤ ዕንቁላል ሽጦ ጨው ለሚገዛ ቤት ምክንያቱ ይገባል። በአንድ ግቢ ሦስት ዶሮ ባለበት ግን አንዷን ለማቀፍ መተው፣ ሁለቱን ለመጣል ማቆየት ይቻላል። ሁለቱን ዘዴ ማጋባትም አለ፤ በመሣሪያው የተጀመረውን ዕንቁላል በመጨረሻው ሳምንት በታቀፈች ዶሮ ሥር ማዛወር የመጨረሻውን የእርጥበት ጣጣ ለእርሷ ያስረክባል።

በዶሮ የተፈለፈለ የዳክዬ ጫጩት ግን ከእናት ላባ የሚያገኘው ቅባት ስለማይኖረው ውኃ ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል፣ ይበርደዋል፣ ይሰጥማልም። ላባው እስኪወጣ ድረስ ራሱን የሚነክርበት ጣሳ እንጂ የሚዋኝበት ገንዳ አይሰጠው። ያች ምስኪን አሳዳጊ ልጆቿ ኩሬ ሲገቡ ዳር ላይ ቆማ የምታሰማውን ጩኸት የሰማ ሰው ደግሞ ለእርሷም ሲል ያዘገየዋል።

ሊዘነጋ የማይገባ አንድ የሙያ ነገር ይጨመር። ዳክዬ የፈንግል በሽታ ተሐዋስ ቢይዘው እንኳ ብዙውን ጊዜ አይታመምም፤ ጤነኛ መስሎ ግን ሊያዛምተው ይችላል። ከሩቅ የመጡ ዳክዬዎች ክትባት ያልተሰጣቸው የመንደር ዶሮዎች ወዳሉበት ግቢ ሲገቡ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሊያልቅ ይችላል፤ እመቤቲቱም ከጎረቤቶቿ ጋር ትጣላለች። ክትባቱ በቢሾፍቱ ይመረታል፤ ሙቀትን የሚቋቋመውም ዓይነት ለቆላ የተሠራ ያህል ነው። ስለዚህ ዳክዬ የሚያመጣ ሰው አስቀድሞ የራሱንና የአጎራባቾቹን ዶሮዎች ማስከተብ፣ የመጡትንም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ ማቆየት አለበት። በዚህም ረገድ ሕያው ዳክዬ ከማምጣት ንጹሕ ዕንቁላል ማምጣት ይሻላል፤ የማስፈልፈሉ ድካም ሁሉ ዋጋ የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው።

ወደ 26ቱ ዕንቁላሎች እንመለስ። ሲሰበሩ 13ቱ በደም ቀለበት ቢገኙ፣ 3ቱ ዘር የሌላቸው ቢሆኑ፣ 2ቱ በመካከል የሞቱ፣ 8ቱ ደግሞ ሽፋናቸው ደርቆ በበሩ ላይ የቀሩ ቢሆኑ፣ የእመቤቲቱ ቀጣይ ሥራ ታወቀ ማለት ነው፤ የሸክላው ማቀዝቀዣ ለ13ቱ፣ ሰፊው ሳሕንና ሚዛኑ ለ8ቱ። መሣሪያው አይለወጥም፤ ወደ ሣር ቤቱ ይዛወራል እንጂ። የሚቀጥለው ሙከራ 30 ሳይሆን 12 ዕንቁላል ይሁን፤ 6ቱ በመሣሪያው፣ 6ቱ በታቀፈች ዶሮ ሥር፣ በአንድ ቀን ይቀመጡ። ባለሙያውም በ7ኛው፣ በ14ኛውና በ25ኛው ቀን ማታ የእጅ ባትሪውን ይዞ ይምጣ፤ በ29ኛው ቀን ደግሞ ያልፈለፈሉት ሳይጣሉ ይድረስ።